ሦስት ጣት ቦታ

ከጃንተከል ዋርካ ጥቂት አለፍ ብሎ፣
ሰልፍ ነበር ጠዋት፣ ግድግዳ ተከትሎ።
እኔም ከኋላ ነኝ፤ በቀኝ እጄ ፌስታል፣
ሁለት ጉርድ ፎቶ ውስጡ ተጠቅልሏል፤
የአሥረኛ ውጤት፣ የቀበሌ ወረቀት፣
አራት ጊዜ ታጥፎ፣ መታጠፊያው ያለቀበት።

ቅጹ ተዘረጋ። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣
ቶሎ ቶሎ ጻፍኩኝ ጠረጴዛው ላይ ቆሜ።
ከዚያ አንድ ሳጥን መጣ፣ ሦስት ጣት የሚያህል፤
«የሥራ ልምድ» ይላል።
እስክሪብቶዬ ቆመ።
«ምን ልጻፍ እዚህ ጋር?»

ወይዘሮ አንጓች መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና፣
«ቁርስ በልተሃል?» አሉኝ።
ስለ ቁርስ የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ የለምና
ዝም አልኩኝ።

«አምናስ የት ከረምክ?»
«ቤት ነበርኩ፤ አባቴ ታሞብኝ።»
«ማን ያገላብጠው ነበር?»
«እኔ።»
«መድኃኒቱንስ?»
«በየስድስት ሰዓቱ፤ ሌሊትም፤ አንድ ቀን አላለፈብኝ።»
«ለስንት ጊዜ?»
«ሦስት ዓመት። እስኪያርፍ።»

ጻፉት በራሳቸው እጅ፣ በተጋደመ ፊደል፦
«ሌሊት ይነሣል። ሰዓት ያከብራል።»

በሳምንቱ አዘዞ፣ ዳቦ ቤት ተቀጠርኩ፤
ፈረምኩኝ፣ ቁልፍ ያዝኩ፣ ለእናቴ ደወልኩ።
እንየው ሥራ ያዘ ተባለ፤ ሰፈሩ እልል አለ።
ማግኘትስ አንድ ቀን ነው፤
ማን ነግሮኝ፣ በማግሥቱ ሌላ ሥራ እንዳለ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ገባሁ። ሊጥ ጥፍሬ ውስጥ ደረቀ፤
ለአቶ ሙጨ «አንተ» ነኝ፣ ሲቆጣም «አንተ ግንድ»፤ ስሜ ከእኔ ራቀ።
በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሁለት ትሪ ከሰለ፤
«ከደሞዝህ ይቆረጣል» አለ።

ሽርጤን ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ ደህና ሁኑም ሳልል፣
ወጣሁ ወደ ከተማ፣ በእግሬ፣ በጨለማው መሃል።

ስልኬ ጠራ። ገና አሥራ ሁለት አልሞላም።
«ተነሥተሃል እንየው?»
«ትቻለሁ።»
«ምኑን?»
«ሁሉንም።»

አልመከሩኝም። አልተቆጡኝም።
ባጃጅ ይዘው መጡ፤ አሳፍረው መለሱኝ፤
የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ ከነነጠላቸው፣
ነጭ በነጭ ላይ፣ የሚታየው ፊታቸው።
ምድጃውን አዩት፤ ደጋግመው አዩት።

«የበፊቱ ልጅ» አለ ሙጨ «በአፍንጫው ነበር የሚለየው።»
«እንግዲያው ይሄኛው አፍንጫ እስኪያበቅል፣
ግድግዳው ላይ አንድ ሰዓት ስቀል!»

ሙጨ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።
ቅጣቱም ግማሽ ሆነ፤ ሽርጤም ከሚስማሩ ወረደ፤
ከዚያ ወዲህ ስንት ትሪ ወደዚያ እሳት ሄደ!
ሦስት ወር ደወሉ፣ በየማለዳው፤
ኋላ በየሰኞው፤
ኋላ ለዓውዳመት ብቻ።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ፕሮጀክቱ አለቀ ተባለ፤
ስሄድ በሩ ላይ ጓጉንቸር አለ።

ሐምሌ ነው። ዝናብ። ማራኪ ዳቦ አድርሼ ስመለስ፣
ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ጭቃ፤
የለየኋቸው በመነጽሩ ነው፣ ግንባራቸው ላይ ወጥቶ፤
በእጃቸው ፌስታል፣ ውስጡ ጉርድ ፎቶ።
«ኮንትራት ነበርኩ እኮ» አሉኝ፣ እንደ ቀልድ።

ቅጹን ሞልተውታል፣ እስከዚያች ሳጥን ድረስ።
እስክሪብቶው ቆሟል።
«አንተ፣ ምን ልጻፍ?»

ስንት ሰው ሽርጡን ከሚስማር መልሶ እንዳወረደ፣
ማስረጃ የለውም፤ ማኅተም የለውም።
እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። እጄ ዱቄት ነበር፤
ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አውራ ጣቴ ነጭ ሆኖ ታተመ።
ጻፍኩ፦
«ማለዳ ይደውላሉ።»

መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ቅጹን አገላብጦ፣
«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለ ፊቱ ተለውጦ።
እሳቸው መነጽሩን ወደ ዓይናቸው መለሱት፤
ልጁን ትኩር ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት፤
«ቁርስ በልተሃል?» አሉት።